አማርኛ ያወራ ይቀጣል

አስቡት። ጭድ ተራ ካሉት ሱቆች በአንዱ የተቀመጠ ነጋዴ ከቻይና ዕቃ ላኪው መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነብለት ደግሞ 12ኛ ክፍልን የጨረሰው የወንድሙ ልጅ። ልጁ ቃላቱን ያውቃቸዋል። "ዲፖዚት" ቀብድ፣ "ፍራይዴይ" ዓርብ፣ "ፕራይስ" ዋጋ። መሐል ላይ ያለችውን "አንለስ" ግን እንደ "ኢፍ" ቆጥሮ ያልፋታል። ላኪው "ቀብዱ እስከ ዓርብ ካልገባ ዋጋው ይጨምራል" ያለውን "ከገባ ይጨምራል" ብሎ ይተረጉመዋል። ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ይቀመጣል። ሰኞ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል።

ከሱቁ ደጅ ዕቃ የሚያወርደው ኩሊ ከገጠር ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ አፉን የፈታውም በአማርኛ አይደለም። ከደላላ ጋር በአማርኛ ተከራክሮ ግን ሒሳቡን ይቀበላል። መርካቶ ላይ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገር ነጋዴ ብርቅ አይደለም። ታዲያ "የእኛ ልጆች ቋንቋ አይገባቸውም" የሚለው ወሬ ስለ የትኛው አገር ልጆች ነው?

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይም ሌላው ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ውድቀቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማላከክ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን ያላነበበ ተማሪ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን ይታወቃል?

ጥፋቱ የሚጀምረው ከክፍሉ ነው። ልጁ የራሱ ቋንቋ የሌለው ይመስል ይማራል። ይባስ ብሎ በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች "አማርኛ ያወራ ይቀጣል" የሚል ሕግ አለ፤ አንዱ ጋ ብር፣ አንዱ ጋ ቆሞ መዋል። ወላጅም ደስ ብሎት ይከፍላል።

አማርኛ ግን ስንቅ ነው። "ቤት" እና "ቤቱ" ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ልጅ የእንግሊዝኛውን "ዘ" ግማሽ መንገድ ሄዶበታል። "በላ" እና "በልቷል" ሁለት ነገር መሆናቸውን ማንም አላስተማረውም፤ "ኤት" እና "ሃዝ ኢትን" ሲባል ግን ባዕድ ነገር እንደመጣበት ይደነግጣል፤ ዝምድናቸውን የነገረው የለምና። "እየበላ ነው" ለሚል ልጅ "ኢዝ ኢቲንግ" ምኑ ይከብዳል?

ወጥመዱም ያለው እዚያው አማርኛው ውስጥ ነው። "በመርካቶ፣ በሰኞ፣ በታክሲ፣ በቢላ" ስንል አንዷ "በ" አራቱንም ትችላለች፤ እንግሊዝኛ "ኢን፣ ኦን፣ ባይ፣ ዊዝ" እያለ ይበትናታል። ፎቶ "እናነሳለን"፤ እነሱ "ይወስዳሉ"። ውሳኔ "እንወስናለን"፤ እነሱ "ይሠራሉ"። መቶ ቃል በዝርዝር የሸመደደ ልጅ ይህን አያገኘውም፤ ቃሉ የሚኖረው ከጓደኛው ጋር ነዋ።

ሩሲያውያንን ተመልከቱ። ቋንቋቸው "ኤ" እና "ዘ" የለውም፤ "ነው" የሚለውንም በአሁን ጊዜ ይዘለዋል፣ "እኔ ተማሪ" ብለው ያልፋሉ። "በላ" እና "እየበላ ነበር" የሚሉትን በእኛ መንገድ አይለዩም። ከእንግሊዝኛ አንጻር በእነዚህ ነገሮች ከእኛ የባሰ መነሻ ላይ ናቸው። ሆኖም ለእነሱ በተዘጋጁ የሰዋስው መጻሕፍት ማብራሪያው በሩሲያኛ ነው፤ የጎደላቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይነገራቸዋል። በዚህ ማንም አያፍርም።

ከዚህም የቀረበ ምስክር አለ። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። ብዙዎቹ ሩሲያኛ ፊደሉን እንኳ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በመሰናዶ ፋኩልቲ ቋንቋውን ተማሩ፤ ሕክምናውን፣ ምሕንድስናውን በሩሲያኛ ተምረው ተመለሱ። ስሙን በስድስት መልክ የሚያዛንፍ ቋንቋ በአንድ ዓመት! "እነሱ እዚያው ይኖሩ ነበር" ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ያ ዓመት ሌላ ነገርም ነበረው፦ ተማሪው ቋንቋውን እንደማያውቅ ታምኖ ከዜሮ ተጀመረለት፤ እስኪይዘውም ዋናው የሙያ ትምህርት አልተጫነበትም። እዚህ አገር የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንደሚያውቅ ተቆጥሮ ባዮሎጂ ይሰጠዋል።

"እንግሊዝኛ የሚለመደው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው" የሚሉ ይኖራሉ። ለንደን ለሚያድግ ልጅ ልክ ናቸው። አዲስ ከተማ የሚያድገው ልጅ ግን እንግሊዝኛ የሚሰማው አርባ ደቂቃ ነው፤ ከዚያች ላይ ማብራሪያውን መንጠቅ ምን ይሉታል? አማርኛው ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪው ነው፤ ኦሮምኛ ለሚናገረው በኦሮምኛ፣ ስልጥኛ ለሚናገረው በስልጥኛ ይነገር። ልምምዱ፣ ንግግሩ፣ ንባቡ በእንግሊዝኛ ይብዛ፤ ማንም አልከለከለም። 9ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊትም ቋንቋ ብቻ የሚማርበት አንድ ዓመት ይሰጠው። "ዓመት ይባክናል" የሚል ካለ፣ የባከኑትን አሥራ ሁለቱን ከ2014 ውጤት ላይ ይቁጠራቸው።

እስከዚያው ግን የወር ክፍያ ሊከፍል የሚሄደው አባት፣ ያ ጭድ ተራ ላይ በ"አንለስ" የከሰረው ነጋዴም ሊሆን ይችላል፣ ርእሰ መምህሩን አንድ ነገር ይጠይቅልን፦ ልጁ አማርኛ በማውራቱ የከፈለው ቅጣት ስንት እንግሊዝኛ አስተማረው?