ጸጋዬን ምን ነካው?

ተመድቦ ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ ለሚነሣ ወጣት ሠራተኛ አንድ መጽሐፍ ምረጡለት ብንባል፣ በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንመርጥለታለን። ምክንያቱም ሥራ ከእጮኛው አርቆ የወሰደው ሰው ታሪክ ስለ ሆነ ነው።

ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ወደ አሥመራ ሲላክ፣ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ይሄዳል። አሥመራ ላይ ግን ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል፤ ልቡም ወደርሷ ያዘነብላል። ሮማንን ጠልቷት ነው እንዳይባል፣ ጠልቷት አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሰው ምን እንበለው? አንዳንዶች በሁለት ቢላዋ የሚበላ አታላይ ነው ይላሉ። ሌሎችም ጦርነትና ርቀት ያመጡት ነገር ስለ ሆነ አይፈረድበትም ይላሉ። እኛ በበኩላችን ሁለቱንም አንቀበልም። አታላይ ቢሆን ኖሮ ራሱን የሚያሳጣውን ነገር በገዛ አፉ ባልነገረን ነበር። ርቀትም ቢሆን ሰውን ይፈትነዋል እንጂ ከቃሉ ነጻ አያወጣውም፤ ርቆ ሄዶ ቃሉን የጠበቀ ስንት ሰው አለ!

ለእኛ እንደሚመስለን እንቆቅልሹ የሚፈታው ከሥራው ነው። ጸጋዬ በአደባባይ ድሉ ቀርቧል እያለ የሚያውጅ፣ ውሎ አድሮ ግን በልቡ ዘመቻውን የሚጠራጠር ሰው ነው። አፉና ልቡ በሥራው ላይ መለያየትን ስለ ለመዱ፣ በፍቅሩም ላይ መለያየት አላቃታቸውም። ሰው የሥራ ጠባዩን በቢሮው ቆልፎበት ወደ ቤቱ አይገባምና።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ታሪኩን የሚነግረን ጸጋዬ ስለ ሆነ፣ የሮማንን ኀዘን የምናየው በርሱ ዓይን ነው። ለተራኪው ማዘናችንም አይገርምም፤ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ የሚናገር ሰው ይደመጣልና።

ስለ ዘመቻው እውነቱን ለመናገር የደፈረው ይህ መጽሐፍ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀርቷል። በአደባባይ እውነት መናገር ይህን ያህል ዋጋ ካስከፈለ፣ ለእጮኛ እውነቱን መግለጽ የሚያስከፍለው አንድ ደብዳቤና የአንድ ሌሊት እፍረት ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ወደ ሰሃላ የምትወርዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በጸጋዬ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ዛሬውኑ ልባችሁን ግለጹለት። ልባችሁ የተለወጠ እንደ ሆነም፣ መለወጡን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው አታድርጉ።