ጥርሷ ምን ያህል ይጣመም?

«ለጥርስ ሽቦ ደግሞ መንግሥት ይክፈል?» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የተማሩ፣ ከተማ ያደጉ፣ ቡና ይዘው የዓለምን ጉዳይ የሚፈቱ ወዳጆቼ ናቸው። የካናዳ ነባር ሕዝቦች (በልጅነታችን በካውቦይ ፊልም «ሕንዶች» እያልን ከፈረስ ሲወድቁ ያጨበጨብንባቸው) ለልጆቻቸው ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያቀና ሽቦ፣ እንዲሸፈንላቸው ይሟገታሉ ስላቸው ይስቃሉ። «እኛ የተቦረቦረ ጥርስ የሚነቅልልን አጥተን፣ እነሱ ለቁንጅና ይካሰሳሉ!» ይህ ሳቅ ነው ብዕር ያስነሳኝ።

እስቲ ነገሩን እንዳለ እንየው። አልበርታ በሚባለው የካናዳ ግዛት የአንዲት የነባር ሕዝብ ልጅ ጥርሶች አልገጥም ብለው ሕመሙ ሥር ሰደደባት። ሐኪሟ ሽቦ ያስፈልጋታል አለ። ዋጋው 6,000 የካናዳ ዶላር ገደማ ነው። መንግሥት አልከፍልም አለ፤ እናት ይግባኝ ብላ አልተሳካላትም፤ ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2017 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አቤቱታዋን ውድቅ አደረገው። በዚያው ዓመት ይፋ የወጣው ሰነድ ግን መንግሥት ለዚህ ክርክር ከ110,000 ዶላር በላይ ለሕግ ወጪ ማዋሉን አሳየ። ስድስት ሺሕ ላለመክፈል መቶ ዐሥር ሺሕ! ይህን ቁጠባ ነው የሚለኝ ካለ ሒሳቡን ያስረዳኝ።

ክፍያውን የሚወስነው መርሐ ግብር ስሙ «ነን ኢንሹርድ ሄልዝ ቤነፊትስ» ይባላል። ለተመዘገቡ ፈርስት ኔሽንስና ለኢኑዊት ሕዝቦች መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ የጥርስ ሕክምናውን፣ ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን ጉዞ ይሸፍናል። ይህን አልክድም፤ ጥቂት ነገር አይደለም። ሽቦ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይሰበሰባል። የጥርሱ አለመግጠም «ከባድና ተግባርን የሚያሰናክል» መሆን አለበት፤ ታካሚዋም ከ18 ዓመት በታች መሆን አለባት። ሐኪሙ ራጁንና ፎቶግራፉን አስቀድሞ ልኮ ፈቃድ ይጠብቃል። ወሳኙ ወረቀቱን ያያል፤ ሌሊት መንጋጋዋን ይዛ የምታለቅሰውን ልጅ አያይም። ሕመም ደግሞ በማስመሪያ አይለካም።

መንጋጋ በልጅነት፣ ገና እያደገ ሳለ ነው በቀላሉ የሚቃናው፤ ካደገ በኋላ ከባዱ ጉድለት ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ አንዱ መመዘኛ «ገና አልከፋም፣ ይባስ» ሲላት፣ ሌላው «ዕድሜሽ ሊያልፍ ነው፣ ፍጠኚ» ይላታል። ልጅቷ ለየትኛው ትታዘዝ?

ወዳጆቼ የሚመጡብኝ በዚህ ነው፦ «ችሮታ እኮ ወሰን አለው።» ችሮታ መሆኑን ማን ነገራቸው? በ1876 የእንግሊዝ ዘውድ ከክሪና ከሌሎች ሕዝቦች ጋር «ስድስተኛው ውል» የሚባለውን ሲዋዋል፣ በመንግሥቱ ወኪል ቤት የመድኃኒት ሣጥን ለሕዝቡ ጥቅም እንዲቀመጥ ተጽፏል። በምላሹ የሄደው መሬት ዛሬ ስንዴ ይታፈስበታል፤ ነዳጅ ይቀዳበታል። የነባር ሕዝቦቹ መሪዎች ያ ሣጥን ሕክምና ማለት ነው ይላሉ። የሳስካችዋን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1966 ሣጥኑ ሣጥን ብቻ ነው አለ። መንግሥትም እስካሁን ይህን የጤና ሽፋን የምሰጠው በፖሊሲ እንጂ በውል ግዴታ አይደለም ይላል። መሬቱ በውል ተወሰደ፤ መድኃኒቱ በፖሊሲ ይሰጣል!

የዚያ አገር መንግሥት ለነዚህ ልጆች ጥርስ ትኩረት ሰጥቶ አያውቅም እንዳይባል ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ሰጥቷል። ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ሞዝቢ በ2013 እንዳወጣው፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1952 ድረስ የመንግሥት ባለሙያዎች በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በ1,000 ገደማ ልጆች ላይ የምግብ ሙከራ አካሂደዋል። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ ምግብ እያነሳቸው የሚኖሩ ነበሩ። ያንን ጉድለት ወዲያው ማረም ሲቻል ለጥናት አቆዩት። የድዳቸው ሁኔታ የአመጋገባቸው መለኪያ ስለ ነበር፣ ሕክምናው ውጤቱን እንዳያበላሽ ተብሎ አንዳንድ የጥርስ ሕክምና ተከለከለ። ወላጅ አልተጠየቀም። ልጆቹም አልተጠየቁም። እንዲህ ያለውን ነገር የሰማች አያት፣ የልጅ ልጇ ፋይል በቢሮ ተመርምሮ «አልከፋም» ተብሎ ሲመለስ ምን ትበል? እኔ ብሆን የምለውን እዚህ አላትመውም።

«መንግሥት ሁሉን ሊከፍል አይችልም» የሚለው ክርክር እውነት ነው። ወሰን ይኑር። ነገር ግን ወሰኑን የሚያሰምረው፣ ገንዘቡን የሚይዘውና ይግባኙን የሚሰማው ያው አንድ ቤት ሲሆን ወሰን አልለውም። እኛ ደግሞ በገዛ ጥርሳችን ችግር ተነሥተን የሰው ልጅ ሕመም ላይ መሳቃችን ምን ይጠቅመናል? የእኛ የጥርስ ሐኪም ማጣት የእነርሱን ውል አይቀድድም፤ ድሀ የሌላውን ድሀ መብት ቅንጦት ባለ ቁጥር የሚደሰተው ባለዕዳው ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ልጅቷን በዓይኑ ያየው ሐኪም ስለ ሕመሟ የሚሰጠው ቃል ከፎቶግራፉ እኩል ይመዘን። ይግባኙን ከከፋዩ ቤት ውጭ ያለ ሰው ይስማ። ለጠበቃ የተመደበውም ገንዘብ በቅድሚያ ለሽቦው ይከፈል፤ ከተረፈ በኋላ ይከራከሩበት።