የሊበን ሜዳና የሣሩ ዕረፍት፦ ካሎ መቼ ይከፈታል?

በሞቃት አገሮች የጎልፍ ሜዳዎችን በብዛት የሚያለብሰው ሣር ሰርዶ ነው። በየመንገዱ ዳር ረግጠነው የምናልፈው ይኸው ሣርና ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር የተዳቀሉት ዝርያዎቹ፣ ብዙ ውኃ እየጠጡ በማሽን እየታጨዱ ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ቅንጦት ለእኛ ቆላ አይሆንም። የሜዳው ጠባቂዎች የሚከተሉት ደንብ ግን ይጠቅመናል፦ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አይታጨድም፤ ሙቀቱና ጥማቱ ሲበረታ ሣሩ ረዘም ተደርጎ ይተዋል። ደጋግሞ ያጠረ ሣር ሥሩም ያጥራልና፣ በጥልቁ አፈር የቀረውን እርጥበት አይደርስበትም።

ከነጌሌ ቦረና አጠገብ የተዘረጋው የሊበን ሜዳ የሚያጠጣው የለውም። ተስፋው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የገና ዝናብና ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚመጣው የሐገያ ዝናብ ብቻ ነው፤ ማጨጃውም የከብት ጥርስ ነው። ሜዳውን ለሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 የተገኘው፣ ሊበን ላርክ የሚባል ትንሽ ወፍ ነው። ወፉ በመሬት ላይ ጎጆውን የሚሠራው በሣር መካከል በመሆኑ፣ የሜዳው መራቆት የእርሱም መጥፋት ነው። ሜዳው የጠበበው በአንድ ምክንያት አይደለም። ከፊሉ ታረሰ፤ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወረሰው፤ የቀረው ያለ ዕረፍት ተጋጠ። ቁጥቋጦውን ለዘመናት ይገታ የነበረው ሰደድ እሳት በደርግ ዘመን መከልከሉም ለቦረና ግጦሽ መበላሸት አንዱ ሰበብ እንደሆነ በጥናት ደጋግሞ ተጽፏል።

መፍትሔ ተብሎ የተያዘው ካሎ ነው። ካሎ ቀድሞ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች በመንደር አጠገብ የሚከለል ትንሽ ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ በሊበን ሜዳ በማኅበረሰብ ደረጃ ሰፍቶ ይታጠራል። ሣሩ በዕረፍት ጊዜ እንደሚያገግም የሚጠራጠር ብዙ ሰው አላውቅም። የእኔ ቅሬታ በልኬታችን ላይ ነው። የምንጽፈው የታጠረውን ሄክታርና የተገኘውን የድርቆሽ መጠን ሲሆን፣ በሩ በስንት ቁመት እንደተከፈተና በስንት ቁመት እንደተዘጋ ግን እምብዛም አንመዘግብም። የካሎ ዕድል የሚወሰነው ግን በበሩ ላይ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ በዓይኑ ፊት አለቀበት። በዚያ ሰዓት «አጥሩን አትንኩ፣ ሣሩ ለወደፊት ነው» ማለት ከቢሮ ወንበር ላይ ይቀላል። ላሚቱ ከሞተች የተጠበቀው ሣር ለማን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ካሎም የተፈጠረው ለክፉ ቀን ነው። ስለዚህ ፈጽሞ አይከፈት የሚሉ ባልደረቦቼን አልደግፍም። በዚህ ላይ ለዓመታት ያልተጋጠ ሣር በራሱ አሮጌ ቅጠል ይታፈናል። ይሁን እንጂ እስከ አፈሩ የተጋጠ ካሎ ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ፈጥኖ አያቆጠቁጥም፤ ያን ጊዜ ድርቁ ካለፈ በኋላም ረኃቡ ይቀጥላል።

መካከለኛው መንገድ ለቦረና እንግዳ አይደለም። በቱላ ኤላዎች የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለ፤ ተራው በድርቅ ጊዜ ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የሰፋው ካሎም እንደ ኤላው ሁሉ ስሙ የታወቀ፣ ቃሉ የሚከበር የበር ኃላፊ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሹመቱም ከፕሮጀክት ሳይሆን ከሽማግሌዎች ጉባኤ ሊመጣ ይገባል። ቅድሚያ ለጥጆችና ለሚታለቡ ላሞች ይሰጥ፤ የቀረው መንጋ በተራ ይግባ።

(በነገራችን ላይ በነጌሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ አደባባዮች ውኃ የሚፈጅ የጌጥ ተክል ከማልማት ይልቅ ሰርዶ መትከል ይሻላል። ወደ እርሻ ከገባ አስቸጋሪ አረም ስለሚሆን ግን ከማሳ ዳር ይራቅ።)

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የምጠቁመው ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። በካሎው በር ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰነጠረ እንጨት ይተከል፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሣሩ ቁመት ይጻፍ፤ ከቀጣዩ ዝናብ በኋላም በዚያው ቦታ ላይ የበቀለው ይለካ። ከጥቂት ገናና ሐገያ በኋላ የበሩ ኃላፊ «ይበቃል» የሚልበትን ልክ የሚያስረዳበት ቁጥር በእጁ ይኖረዋል።