ቁጠባው ከሚጣለው ይሁን እንጂ ከአፋችን አይሁን

እንደሚታወቀው ኑሮ ሲጠብ ወሬውም ሁሉ ስለ ቁጠባ ይሆናል። እዚህ ካኩማ በየብሎኩና በየቡናው ላይ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ «ሳሙናውን በቤታችን ብንሠራ፣ ቲማቲሙንና ጎመኑን ብናደርቅ እኮ ከሱቅ ዕዳ እንድን ነበር» የሚለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ቁጠባ ስናወራ የምንዘለው አንድ ጥያቄ አለ። እሱም «ከምን ተሠራ? በማንስ ጉልበት ተሠራ?» የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት በቤት የተሠራ ሁሉ ቁጠባ አይደለም። ቁጠባ የሚሆነው ሊጣል ወይም ሊበላሽ ከነበረ ነገር ሲሠራ ነው። ከምንበላው ላይ ተቀንሶ ወይም ከልጅ ትምህርት ላይ ተነጥቆ ከተሠራ ግን ከግራ ኪስ አውጥቶ ቀኝ ኪስ መክተት ነው። እንዲያውም ኪሳራ ነው።

ጉዳዩን አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁላችንም እንደምናስታውሰው በ2025 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የተነሳ በኬንያ ካምፖች የሚሰጠውን ራሽን ቀንሶ ቀንሶ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከሙሉው መጠን 28 በመቶ ብቻ አድርሶት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚደረግ ስህተት ዋጋው ትልቅ ነው። አንድ ኪሎ ቲማቲም ቢበሰብስ፣ አንድ ሊትር ዘይት ያለ ቦታው ቢውል የሚተካው የለም።

በመጀመሪያ ይህ ሙያ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ላስታውስ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሳሙና በሱቅ ሳይሞላ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ትልቁን ግኝታቸውን ያገኙት ሰዎች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። አረፋው በሚወርድበት በኩል ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ምግብም ቢሆን ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ጭኮው፣ ንጥር ቅቤው ሁሉ ለመንገድና ለክፉ ቀን የተዘጋጀ ነው። ጎረቤቶቻችንም ያውቁበታል። ሶማሌዎች ሥጋውን በትንንሹ ከትፈው፣ ውኃው እስኪያልቅ ጠብሰው፣ በቅቤ የሚያስቀምጡት ሙቅማድ አላቸው። የአገሩ ባለቤቶች ቱርካናዎችም ሥጋና ወተት ያደርቃሉ። ስለዚህ የጎደለን ሙያ ሳይሆን ስሌት ነው።

እስቲ ስሌቱን በሳሙና እንጀምር። ስፊር የሚባለው የእርዳታ ድርጅቶች መመዘኛ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይላል። ይህ ማለት ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት በወር 2 ኪሎ ከ700 ግራም ነው። ይህን ሁሉ ከሱቅ መግዛት ለብዙዎቻችን አይቻልም። ታዲያ አንዳንዶች ምን ያደርጋሉ? የራሽኑን ወይም በኩፖን የተገዛውን ዘይት ለሳሙና ያውሉታል።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን። 1 ሊትር የምግብ ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ጉልበት አለው። አንድ ሰው በቀን ያስፈልገዋል ተብሎ በእርዳታ ሥራ የሚታሰበው ደግሞ 2,100 ካሎሪ ነው። ስለዚህ 1 ሊትር ዘይት ሳሙና አደረግን ማለት የአንድ ሰው የአራት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉልበት አጠብንበት ማለት ነው። በምትኩ የምናገኘው ከ1 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ሳሙና ነው። ሙሉ ራሽን በነበረበት ዘመን ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ዛሬ ግን የልጅን እራት ወደ ሳፋ ማፍሰስ ነው።

መሠራት ያለበትስ ከምንድን ነው? ከሞራና ከተቃጠለ ዘይት ነው። ገበያ ውስጥ ሥጋ ቤቶች ሞራ ይተርፋቸዋል። ሳምቡሳ፣ ማንዳዚና ድንች የሚጠብሱትም ለምግብ የማይሆን የጠቆረ ዘይት ይደፋሉ። እነሱን ጠይቁ፣ ተስማሙ። ሞራው ተከትፎ በውኃና በትንሽ ጨው ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋው ይነሳል። የጠቆረውም ዘይት በጨርቅ ይጠለላል።

ልኩ እንዲህ ነው። ለ1 ኪሎ የተጣራ ሞራ 130 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 350 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ። የተቃጠለ ዘይት ከሆነ ሶዳው 125 ግራም ይበቃዋል፤ ሳሙናው ግን ከሞራው ለስለስ ይላል። በዓይን የሚለካ ነገር አይደለም፤ የግድ ሚዛን ይፈልጋል። ሶዳው ከበዛ ቆዳ ይበላል፣ ካነሰ ደግሞ ሳሙናው ይቀባል እንጂ አያጥብም። ሶዳው ውኃው ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። በተቃራኒው ውኃውን ሶዳው ላይ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ይፈላል፣ ይረጫል። ውኃው ለብ እስኪል ከቆየ በኋላ ቀልጦ ለብ ያለው ሞራ ላይ ይጨመርና እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን ይማሰላል፤ ከዚያም በሣጥን ወይም በካርቶን ላይ ፌስታል ተነጥፎ ይፈሳል። በማግስቱ ይቆረጣል። ነገር ግን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አራት ሳምንት ሳይቆይ መጠቀም አይገባም።

ስለ ኮስቲክ ሶዳ ሳልጠነቅቅ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ዓይን ያጠፋል፣ የልጅን ጉሮሮ ያቃጥላል። በአልሙኒየም ድስት አይሠራበትም፤ ብረቱን ይበላዋል። በፕላስቲክ ባልዲ፣ በደጅ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ ይሠራል። ከሁሉ በላይ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በውኃ ጄሪካን መቀመጥ የለበትም። ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙስ ሁሉ የሚጠጣ መሆኑን ነው። ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ላይ ከደረሰ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ማጠብና ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው። የዋጠ ልጅ ካለ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲወጣም እንደገና ያቃጥለዋል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ካኩማ አንድ ነገር በነፃ ሰጥታናለች፤ እሱም ፀሐይ ነው። ቲማቲም ገበያው ላይ በዝቶ በሚረክስበት ቀን ገዝቶ ማድረቅ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ምክንያቱም ሻጩም ሊጥለው የተቃረበ ነገር ነው። ቲማቲም አብዛኛው ውኃ በመሆኑ 10 ኪሎው ደርቆ ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። ስለዚህ መጠኑን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ለወጥ የሚገባው ጥቂት ነው። በስሱ ተቆርጦ፣ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ይሰጣል። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ከሆነና እርጥበት ካልተሰማ ደርሷል። ጎመንና የአደንጓሬ ቅጠል ግን በጥላ ቢደርቁ ይሻላል፤ ፀሐዩ ለዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ይቀንሰዋል።

አቧራና ዝንብ ስላለ መሸፈን ግድ ነው። ታዲያ በአጎበር አትሸፍኑ። አጎበሩ የተነከረው በፀረ ተባይ መድኃኒት ነው፤ የተሠራው ለትንኝ እንጂ ለምግብ አይደለም። የታጠበ ነጠላ ወይም ሻሽ ይበቃል።

እዚህም ላይ ስሌት ያስፈልጋል። በደንብ ያልደረቀ እህል ከመጣል የባሰ ነው። በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ ሻጋታ የፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በበቆሎ ገብቶ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በቆሎው እርጥበት እያለው የተከማቸ ነበር። ስለዚህ የሻገተ በቆሎ ወይም ለውዝ «ለቅሜ እበላዋለሁ» አይባልም፤ ሲቀቀልም መርዙ አይጠፋም። እንዲሁም አትክልትና ሥጋ በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት የሚባለው የፈረንጅ ዘዴ ለእኛ አይሆንም። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ጀርም በተራ ፍላት አይሞትም፤ 121 ዲግሪ የሚያደርስ በግፊት የሚቀቅል ድስት ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ ከማድጋ ጥግ ማስቀመጥም እንደዚያው አደገኛ ነው። የኛ መንገድ ማድረቅ ነው፤ እሱ ይበቃናል።

ደረቅ ምግብ ደግሞ ትኩሱን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ድዳቸው እየደማ፣ እግራቸው እያበጠ በስከርቪ ተሠቃይተዋል። ምክንያቱ ቫይታሚን ሲ ማጣት ነበር። ይህ ቫይታሚን ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ሎሚው፣ ትኩስ ቃሪያው፣ በጆንያ የተተከለው ጎመን ይቅር ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። በማን ጉልበት? መምህር ስለሆንኩ ይህን ከሌላው ቀድሜ አያለሁ። ቤት ውስጥ ሥራ በተጨመረ ቁጥር ከክፍል የምትቀረው ሴት ልጅ ናት። ቲማቲም የምትዘረጋው እሷ፣ ዝንብ የምትከላከለው እሷ፣ ለሞራው ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። ወንድሟ ግን ደብተሩን ይዞ ይመጣል። በወር ጥቂት ሺሊንግ ለማትረፍ የልጅቷን ሂሳብና እንግሊዝኛ ከከፈልን ከሁሉም የከፋውን ብድር ተበደርን ማለት ነው። ካምፕ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢወሰድብን ይዘነው የምንሄደው ትምህርት ብቻ መሆኑን አባቶችም እናቶችም ታውቃላችሁ።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ዕቁብ እናውቃለን፣ ደቦ እናውቃለን። አምስት ወይም ስድስት ቤት ሆነው አንድ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ጓንትና መነጽር፣ አንድ ኪሎ ሶዳ በዕቁብ ይግዙ። ሥራው ቅዳሜ ይሁን፤ አባወራዎችም ይገኙ፤ ሳሙና ማማሰል የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። ሶዳውን አዋቂ ሰው ብቻ ይንካው። አንድ ደብተር ይኑር፦ ሞራው ስንት፣ ሶዳው ስንት፣ ከሰሉ ስንት፣ ስንት ሳሙና ወጣ፣ በሱቅ ዋጋ ስንት ይሆን ነበር። ብዙ ሰው ከሰሉንና የወፍጮውን አይቆጥርም። ሲቆጠር የማያዋጣ ሆኖ ከተገኘ ይተው፤ ከሱቅ መግዛት ነውር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ብቻውን የሚደክም ቤት ቶሎ ይሰለቻል፤ የተደራጀ ግን ይዘልቃል።

በመጨረሻ አንዳንድ ወገኖች የሚያነሱትን ስጋት ልንካ። «ሳሙና መሥራታችንንና ምግብ ማድረቃችንን ካዩ ራሳቸውን ችለዋል ብለው የቀረውንም ይቀንሱብናል» ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ራስን መቻል የሚለው ቃል በየስብሰባው መደጋገሙን ሁላችንም እንሰማለን። ሆኖም ራሽኑ የቀነሰው እኛ ሳሙና ስለሠራን ሳይሆን ገንዘብ ስለጠፋ ነው። መልሱም ሥራውን መደበቅ ሳይሆን ደብተሩን መያዝ ነው። ደብተሩ እውነቱን ይናገራል፤ ከሞራ የተሠራ ሳሙና የሳሙናን ጉድለት ይሞላል እንጂ የእህልን ጉድለት አይሞላም። የብሎክ ተወካዮቻችንም በስብሰባ ላይ ይህንኑ በቁጥር ያስረዱ። ለመሥራት የሚችል እጅ አለን ማለት መብላት አያስፈልገንም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሥሩ፣ አድርቁ፣ ቆጥቡ። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን ጥያቄ ጠይቁ፤ ከምን? በማን? መልሱ «ሊጣል ከነበረው፣ በሁላችን» ከሆነ በርቱ። መልሱ «ከልጆቹ ዘይት፣ በልጅቷ ጉልበት» ከሆነ ግን ባልዲውን አስቀምጡት።

ቸር ይግጠመን።