‹‹ጋሼ፣ አስገባኝ!›› የሚለው ልጅ የት ገባ?

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በሜዳዋ 2 ለ 0 ረታች። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ። ድሉ ድል ነው፤ ማንም አይቀማንም። ግን ‹‹በሜዳዋ›› የምትለውን ቃል ልብ ብላችሁልኛል? ሜዳዋ የት ነበር? ለገሃር አጠገብ ያለው ስታዲየም አይደለም። ባሕር ዳርም አይደለም። ማላዊ ነው፣ ሊሎንግዌ!

የአንድ ቀን ጉድ ቢሆን ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጋናን ‹‹አገራችን ላይ›› ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። በመጋቢት 2015 ጊኒን ‹‹ሜዳችን ላይ›› የገጠምነው ሞሮኮ ነው። በሰኔ 2015 ደግሞ ማላዊን በእንግድነት የተቀበልነው ሞዛምቢክ፣ ማፑቶ ላይ ነው። ማላዊን እዚያው ማላዊ ውስጥ አለመቀበላችን ራሱ ተመስገን ነው! ካፍ ሜዳዎቻችሁ ደረጃውን አያሟሉም ብሎ ስለዘጋብን፣ ሦስት ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ያስተናገደች አገር የሰው ደጅ ስትጠና ከረመች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገሬ ሰው። የሰው ሜዳስ?

ስለ ወጪው የተቆጣ ብዙ ነው። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ ከበር ሊገኝ የነበረው ገቢ... ይህን ኦዲተር ይቁጠረው። እኔ የማነሳው በማንም መዝገብ ያልሰፈረ ኪሳራ ነው። ‹‹መጀመሪያ ስታዲየም የገባሁ ዕለት...›› ብሎ ወሬ የሚጀምር ትውልድ እያጣን ነው።

ቀልድ የመሰለው ካለ አንድ ደጋፊ ያስቁምና ይጠይቅ። ውጤቱን አይነግራችሁም፤ ብዙውን ጊዜ ረስቶታል። የሚነግራችሁ ማን እጁን ይዞ እንዳስገባው፣ የት እንደተቀመጠና ማን እንዳቀፈው ነው።

እኛ ሰፈር አንድ አዛውንት አሉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደረግ ሊስትሮ ነበሩ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን አገራችን አልገባም። ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል እሳቸው በዓይናቸው አይተዋል። የሚያወሩት ግን ስለ ዋንጫው አይደለም። ‹‹ጫማውን ስጠርግለት ቀና ብሎ የማያየኝ ባለ ኮት፣ ጎል ሲገባ አቅፎ ሳመኝ!›› ነው የሚሉት። ስልሳ ዓመት አልፎ ዛሬም ሲናገሩት ጉንጫቸውን ይዳብሳሉ።

አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ አለች፣ ጉልት ነው የምትውለው። ስታዲየም የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ ያነሳን ዕለት። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሁሉ ጨዋታውን ያየ ይመስለዋል፤ እሷ ግን በእርግጥ አይታዋለች። ወንድሟ ነው ‹‹ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ ምን ትሠራለች?›› የሚለውን ሁሉ ገፍትሮ ይዟት የገባው። ወንድሟ በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ‹‹ፎቶው እንኳ የለኝም። ያ ቀን ነው ያለኝ›› ትላለች። እስቲ ይህን በስንት ብር ተምኑልኝ!

እኔ ራሴ የገባሁት በማላውቀው ሰው እጅ ነው። የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፣ ‹‹ጋሼ፣ አስገባኝ!›› የምትለዋን ልመና። ልመናም አትባል፣ የይለፍ ቃል ነበረች። በር ላይ ትቆማለህ፤ ፊቱ ደግ የመሰለህን ሰው ትመርጣለህ፤ እጁን ትይዛለህ፤ በረኛው ሲጠይቅ ሰውየው ‹‹ልጄ ነው›› ይላል። አለቀ! ለሁለት ሰዓት አባት አገኘህ። የፈረሰኛ ፖሊሱ ፈረስ ሲያጉረመርም የእኔው ‹‹አባት›› ወደ ጎኑ ሸጎጠኝ። ሚስማር ተራ ወጣን። ከወረቀት ጥቅል ቆሎ ዘገነልኝ። ጨዋታው የጊዮርጊስና የቡና ነበር። ስንት ለስንት እንዳለቀ አትጠይቁኝ። ሜዳው ግን አረንጓዴ ነበር! ኳስን በሬዲዮ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሜዳን በልቡ ሲስል ቀለም አልቀባውም ነበር። የሰውየውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ ልንገራችሁ? የሆንኩት ያ ሰው የነበረውን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ... እነዚህ የመቀመጫ ስሞች ብቻ አይደሉም። ከማን ወገን ነህ ሳይባል፣ የማያውቁት ሰው የማያውቀውን ልጅ ‹‹ልጄ ነው›› የሚልባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህች ከተማ እንዲህ ያለ ስንት ቦታ ቀርቷታል?

የመጨረሻውን ታላቅ ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.። ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ዕለት። የማውቀው አንድ የታክሲ ረዳት ያን ቀን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ከአጎቱ ጋር ሌሊት ተሰልፎ ነው የገባው፤ ‹‹ድምፄ ሦስት ቀን ጠፋ›› ይላል። አሁን እሱ በተራው የልጅ አባት ሆኗል። ልጁ ኳስ ይወዳል። የአርሰናልን ተጠባባቂዎች ሳይቀር በስም ይቆጥርላችኋል። ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለንደን ውስጥ ለገባ ጎል ይዘላል። የአገሩን ማሊያ የለበሰ ቡድን ግን ከስክሪን ውጭ አይቶ አያውቅም። በልጁ እንፍረድ? ኧረ በምን አፋችን! በር የዘጋነው እኛ ነን።

መልስ አላቸው፤ መልስ መቼም አያጡም። አንደኛው፣ ‹‹ሊጉ በቴሌቪዥን ይታያል›› የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዲኤስቲቪ አሳይቶናል። ገንዘብም አምጥቷል፣ አልክድም። ግን ያኔውኑ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄድ ሲጀምር ክለብ በአንድ ከተማ፣ ደጋፊው በሌላ ከተማ ቀረ። ቴሌቪዥን ጎል ያሳያል፤ ጎል ሲገባ አቅፎ የሚስም ባለ ኮት ግን አያሳይም።

ሁለተኛው መልስ ‹‹ረብሻ›› ነው። ይህም መሠረት አለው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች ግጭት የተቋረጠና የተራዘመ ጨዋታ አይተናል፤ ኳስ ሜዳ የብሔር ፖለቲካ መወጫ ሲሆን አይተን አዝነናል። ነገር ግን ያንን ጥላቻ ካታንጋ ነው የፈለሰፈው? ከላይ የተዘራውን ነው ከታች ያጨድነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደለምን? እንዲያውም መድኃኒቱ ያለው እዚያው ነው። የማያውቀው ሰው እጁን ይዞ ያስገባው ልጅ፣ አጠገቡ በተቀመጠው ሰው ላይ ድንጋይ ለማንሳት እጁ አይታዘዝለትም።

ሦስተኛው ‹‹እየሠራን ነው›› ነው። አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ እንዲይዝ ታስቦ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ቆይተን ግብፅን ለማስተናገድ ማላዊን ለመንን። የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ወንበርና መጸዳጃ ቤት ማሟላት የጠፈር ምርምር ነው እንዴ?

ባለሥልጣኖቻችን ሪባን መቁረጥ እንደሚወዱ የታወቀ ነው። ይቁረጡ፣ አንቀናም! ግን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የካታንጋ ሰው የሚችለው የትኬት ዋጋ ይኑር። ከትልቅ ሰው ጋር ለሚመጣ ልጅ ነጻ መግቢያ በር ይከፈት። የምርቃቱ ዕለት ወንበሩ ሁሉ በጥሪ ካርድ ባለቤቶች አይሞላ። በየቀበሌው በሬዲዮና በስክሪን ብቻ ኳስ የሚያውቁ ልጆች ሞልተዋል፤ ፊት የሚቀመጡት እነሱ ይሁኑ።

አለበለዚያ ስታዲየሙ ያምር ይሆናል፤ መብራቱም ቦግ ይል ይሆናል፤ ካፍም ‹‹ደረጃውን አሟልቷል›› ብሎ ይፈርም ይሆናል። በር ላይ ቆሞ ‹‹ጋሼ፣ አስገባኝ!›› የሚል ልጅ፣ ‹‹ልጄ ነው›› የሚልም ጋሼ ከሌለ ግን ሲሚንቶ ነው የገነባነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!