ከመንገድ የተመለሰ ሠራተኛ ተለይቶ ሲቀመጥ ደመወዙን ማን ይክፈል?

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አጋማሽ፥ የኮሮና በሽታ ወደ ሀገራችን መግባቱ በተነገረ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ በደብረ ታቦር መናኸሪያ ከመኪና የሚወርዱትን መንገደኞች እየጠየቁ ከሚመዘግቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወርድ፥ «ወንድሜ፥ ከወዴት መጣህ?» አልሁት። «ከጎንደር ነው፥ ጋሼ» አለኝ። ስሙን ጽፌ አሳለፍሁት። ልጁ ግን የመጣው ከጎንደር አልነበረም፤ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ከመተማ መመለሱ ነበር። ይህንንም ሌላ ሰው አላጋለጠበትም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በመንገድ ስንገናኝ እርሱ ራሱ ነገረኝ። ሥራው በአንድ ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡካት ነው። በሽታው በትንፋሽ እንጂ በዳቦ አይተላለፍም፤ ዳሩ ግን በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በደጁም ጧት ጧት የሚሰለፈው ሕዝብ ቍጥሩ ብዙ ነው። ደግነቱ ልጁ አልታመመም።

«ለምን ዋሸኸኝ?» ብዬ ተቈጣሁ። «እውነቱን ብነግርዎ ኖሮ 14 ቀን ሊያስቀምጡኝ ነው። 14 ቀን ከቀረሁ በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባል። የእናቴን የቤት ኪራይ እርስዎ ይከፍሉልኝ ነበር?» ሲል መለሰልኝ። በዚያን ሰዓት የምለው ነገር አጣሁ፤ ስለ ንጽሕናና ስለ ጥንቃቄ ብዙ ቃል የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ ለዚህ ለአንድ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ጥያቄ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለሌላው ሰው ደኅንነት ሲባል ከሥራው ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ሠራተኛ ደመወዙ ሊቋረጥበት አይገባም፤ ደመወዙን የከፈለውም አሠሪ ገንዘቡን ከመንግሥት መልሶ ሊያገኝ ይገባል። ይህ ካልሆነ በየመናኸሪያው የምናቆመው መዝጋቢ ሐሰት ሲመዘግብ ይውላል።

ይህች ከተማ ከተላላፊ በሽታ ጋራ የቆየ ትውውቅ አላት። በ1858 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ያን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፥ ሠራዊቱ ከጣና ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ በጌምድር ደጋ፥ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። በዚያ ዘመን ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ተጠቅልሎ ይነሣ ነበር። የዛሬው የደቡብ ጎንደር ሰው አኗኗር ግን ሌላ ነው። መሬት የጠበበበት የጋይንት፥ የእስቴ፥ የፋርጣና የእብናት ጎልማሳ ክረምት ሲገባ ለአረም፥ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ገንዘብ ይመጣል፤ በሽታም አብሮ ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው የጨረሰው ትኵሳት መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ቆይቶ በመጨረሻ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ወደዚያ አገር ያመጡትም ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይታመናል። ስለዚህ በእኛ አገር ተጓዥ ስንል በአውሮፕላን የሚመላለሰውን ነጋዴ ብቻ ማሰብ አይገባንም። ተጓዣችን ማጭድ የያዘው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ ሀገር በአየር የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጭ በሆቴል 14 ቀን እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ይህ ገንዘብ ላለው ሰው የሚቻል ነገር ነው። ከዐረብ አገርና ከጎረቤት አገር ባዶ እጃቸውን ለተመለሱት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ ሆኑላቸው። በዚሁ ወር በ22ኛው ቀን የክልሉ መንግሥት ባሕር ዳርን፥ እንጅባራን፥ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን እንቅስቃሴያቸውን ዘጋ። መኝታና ምግብ በተቻለ መጠን ታሰበ። የቀረው ደመወዝ ግን የማንም ጉዳይ ሳይሆን ቀረ።

እኛ የመንግሥት ደመወዝተኞች ይህ ነገር ብዙ አልተሰማንም። የትምህርት ቤት ደጅ በመጋቢት 7 ቀን ሲዘጋ የመንግሥት መምህር ደመወዙን ይቀበል ነበር፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ሲፈቀድለት በወሩ መጨረሻ ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ያወጣ ነበር። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ እኔም ከተቀባዮቹ አንዱ ነኝ። ዳሩ ግን ቤት መቀመጥ ቀላል መስሎ የታየን ቤት መቀመጣችን ስለማያስርበን መሆኑን ማወቅ አለብን።

ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ለታመመ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ይኸውም የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋራ፥ የሚቀጥሉት ሁለት ወሮች ከግማሽ ደመወዝ ጋራ፥ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ነው። ተለይቶ የተቀመጠው ሰው ግን አልታመመም፤ ሐኪምም ታሟል ብሎ ወረቀት ሊሰጠው አይችልም። እንግዲህ ይህ ሰው ወዴት ይግባ? ድንገተኛና ከባድ ነገር ለገጠመው ሰው የተፈቀደው ፈቃድ አለ፤ እርሱ ግን 5 ተከታታይ ቀን ሆኖ ያለ ክፍያ ነው። የዓመት ዕረፍቱን ይጠቀም ይባል ይሆናል። በአንደኛው ዓመት የሚገባው 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከ14 ቀን ውስጥ ሁለቱን እሑድ ብናወጣ 12 የሥራ ቀን ይቀራል፤ ስለዚህ ለማረፍና ዘመድ ለመጠየቅ የተሰጠው ዕረፍት በለይቶ ማቆያ አልጋ ላይ አልቆ 4 ቀን ብቻ ይተርፈዋል። በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር ማለት ነው! ጤነኛውን ከበሽተኛው ይልቅ የሚጎዳ ሥርዐት ሰውን እውነት ሊያናግር አይችልም።

እርግጥ በዚያው ዓመት መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በመጋቢት 30 ቀን በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መሠረት አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከለከሉ። በሚያዝያ ወር ደግሞ ሥራቸው በበሽታው ምክንያት ተቋርጦ ሳለ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ተማረላቸው። ይህ እኔ ከምናገረው ጉዳይ ጋራ በጣም የሚቀራረብ፥ በሀገራችን የተደረገ ሥራ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ማንን እንደ ረዳ በቍጥር እንመልከት። በዚያን ጊዜ በወር እስከ 600 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ የሥራ ግብር አይከፍልም ነበር፤ ከ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ነጻው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዝቅተኛ ደመወዝ ላይ የሚቈረጠው ግብር ጥቂት ነው፤ ወይም ከናካቴው የለም። ያልነበረን ግብር መማር ደግሞ ለአሠሪው ምንም አይመልስለትም። ምሕረቱ የጠቀመው ደመወዙ ከፍ ያለ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ነው፤ ሊጥ አቡኪ የቀጠረ ባለ ዳቦ ቤት፥ አንዲት አስተናጋጅ የቀጠረች ባለ ምግብ ቤት ከዚህ የሚያገኙት እንኳን የ14 ቀን ደመወዝ ሊሆን የአንድ ቀንም አይሆንም። ከዚህም በቀር ምሕረቱ የታሰበው ሥራው በሙሉ ለቆመ ድርጅት እንጂ አንድ ሠራተኛው ብቻ ለተወሰደበት ሰው አልነበረም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንዳደረጉት ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን አገር የተላላፊ በሽታ መከላከያ ሕግ በ56ኛው አንቀጹ፥ በጤና ባለሥልጣን ትእዛዝ ከሥራው ለተለየ ሠራተኛ አሠሪው እስከ 6 ሳምንት ደመወዙን እንዲከፍልና የከፈለውን ከመንግሥት ጠይቆ እንዲቀበል ይደነግጋል። ይህ ለኮሮና ሲባል በድንገት የታሰበ አይደለም፤ በሽታው ሳይመጣ ተጽፎ ይጠብቅ ነበር። በሲንጋፖር ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቻይና ተመልሶ ከሥራ እንዲቀር ለታዘዘ ሠራተኛ ለአሠሪው በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር ይሰጥ ነበር። አንዱ በደመወዙ ልክ፥ ሌላው በቍርጥ ሂሳብ መሆኑ ነው። ለእኛ አቅም የሚስማማው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ለሁሉም አንድ ዐይነት የቀን ሂሳብ ቢሆን ጸሓፊው አይሳሳትም፥ ደመወዙ የበዛውም ሰው ከሕዝብ ገንዘብ አብዝቶ አይወስድም።

አፈጻጸሙ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አስቸጋሪ አይደለም። ትእዛዙን የሰጠው ጤና ጽሕፈት ቤት የገባበትንና የወጣበትን ቀን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለሠራተኛው ይሰጣል። አሠሪው በተለመደው ቀን ደመወዙን ይከፍላል፤ ከዚያም ወረቀቱን ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ጋራ አያይዞ ያቀርባል። ዝርዝሩ ዱሮውንም ያለ ነገር ነው፤ ሕጋዊ አሠሪ የጡረታውን መዋጮ፥ ከራሱ 11 ከመቶ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፥ በየወሩ ሲከፍል የሚያቀርበው ነውና። «ሐሰተኛ ሠራተኛ ጽፈው ገንዘብ ይወስዳሉ» የሚል ሰው ቢኖር፥ መዋጮ ያልተከፈለበት ስም አይከፈልበትም ብሎ መመለስ ይበቃል። እንዲያውም ሠራተኛውን ደብቆ የሚያሠራ አሠሪ ወደ መዝገብ እንዲመጣ የሚገፋፋው ነገር ያገኛል።

አሠሪ የሌለውስ? በደብረ ታቦር ገበያ ሸክም የሚሸከመው፥ ጉሊት የምትቀመጠው ሴት፥ ከቆላ የተመለሰው አጫጅ የደመወዝ ዝርዝር የላቸውም። በቍጥርም ከሁሉ የሚበዙት እነርሱ ናቸው። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን 400 ብር ያገኛል ብንል በ14 ቀን የሚቀርበት 5,600 ብር ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ አጥቶ በዝምታ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ለእነዚህ ገንዘቡ በቀጥታ በቀበሌያቸው በኩል ቢደርሳቸው ነው የሚሻለው። በላይ ጋይንት፥ በስማዳና በእብናት የሴፍቲኔት ክፍያ ለዓመታት የተሠራበት ስለ ሆነ ስም መዝግቦ ገንዘብ ማድረስ ለወረዳዎቻችን አዲስ ትምህርት አይደለም። የፎገራ ወረዳም በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድኅኑ የሚከፍለው የሕክምናውን ዋጋ ነው፤ የቀረውን የሥራ ቀን አይከፍልም። የወረዳ በጀት ይህን ሊሸከም እንደማይችል አውቃለሁና ገንዘቡ ለወረርሽኝ ከሚቀመጠው የክልልና የፌዴራል መጠባበቂያ መውጣት አለበት እላለሁ።

ማስጠንቀቂያ ከተነገረ በኋላ ሊቀር የሚችል ጉዞ የሄደ ሰውስ ይከፈለው ወይ? የጀርመኖቹ ሕግ አይከፈለውም ይላል። እኔም በመሠረቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሰርግ ጥሪና የለቅሶ ጥሪ በእኛ አገር አንድ አይደሉም። አባቱ የሞተበትን ሰው «ጉዞህ ሊቀር ይችል ነበር» የሚለው ጸሓፊ በእኔ ጽሕፈት ቤት ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

ሌላው ምክንያቴ ስለ እኛ ስለ ጤና ሠራተኞች ነው፤ ምናልባትም ባልደረቦቼ አይወዱልኝም። ሰውን ለይቶ ማስቀመጥ ለሚያዘው ሰው ወጭ የሌለው ነገር ከሆነ ማዘዝ ይበዛል። «ለማንኛውም ይቀመጥ፤ ሰባት ቀን ይጨመር» ማለት አፍ ላይ ቀላል ነው። ካላዛር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ስለ ሆነ በሊቦ ከምከም ከቆላ የተመለሰውን ሁሉ ቤት ብንዘጋበት ኖሮ አንድ ሰው እንኳ አናድንም ነበር፤ ያስፈልግ የነበረው ቶሎ መርምሮ ማከም ነው። በኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተገለጠ ጊዜ ግን ከበሽተኛ ጋራ የተነካካ ሰው 21 ቀን መጠበቅ ነበረበት፤ ይህን ማሳጠር አይቻልም። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ቀን ከመንግሥት ሣጥን ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ፥ ትእዛዝ ሰጪው ቀኑ በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ያስባል። ዛሬ የሚከፍለው ዳቦ አቡኪው ስለ ሆነ ማንም አይቈጥርለትም።

መምህራን አንባብያን ይህን ነገር ከራሳችሁ ግቢ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። በኮንትራት የተቀጠሩትን የዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ውል አንብቡ፤ በጤና ትእዛዝ ከሥራ ስለ መቅረት አንድ ቃል ይገኝበት እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከሌለ በትምህርት ቤታችሁ ጉባኤ አንሡትና ለወረዳው ጻፉ፤ ደብዳቤው በሽታ በሌለበት ጊዜ ቢጻፍ ይሻላል፤ በሽታ ሲመጣ የሚያነበው አይገኝምና።

ያን ወጣት ባለፈው ወር አገኘሁት። አሁን የራሱን ትንሽ ዳቦ ቤት ከፍቶ ሁለት ልጆች ቀጥሯል። ነገሩ ትዝ ቢለኝ፥ «ከሁለቱ አንዱ ከመተማ ቢመለስና 14 ቀን ተቀመጥ ቢባል ደመወዙን ትከፍለው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። እጁን በሽርጡ እየጠረገ ጥቂት አሰበ። «ሦስት ቀን እከፍለዋለሁ፥ ጋሼ» አለኝ፤ «ከዚያ በኋላ ግን ለዱቄቱም ብድር አለብኝ።»