ሳንቲም የናቀ ብር አይሰበስብም

ንግድ በትልቅ ገንዘብ ብቻ ይቆማል የሚል ሰው የወይዘሮ ማጊ ሊና ዎከርን ሥራ ይመልከት። እኒህ ጥቁር አሜሪካዊት በቨርጂኒያ፣ በሪችመንድ ከተማ፣ ልብስ አጥባ በምታድር እናት እጅ አደጉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክን መሥርተው በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ በአገራቸው ይህን በማድረግ ከጥቁር ሴቶች መካከል የመጀመሪያዪቱ ናቸው። ባንኩ የአጣቢዎችንና የቤት ሠራተኞችን ሳንቲም ሳይንቅ ተቀበለ፤ የተጠራቀመውንም ለቤት መግዣ አበደረ። ከ1929 በኋላ የገንዘብ ውድቀት ብዙ ባንኮችን ሲያዘጋ፣ ይህኛው ከከተማው ሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ጸና።

የእኛም የጉልት ነጋዴዎች ከዕለት ትርፋቸው ቀንሰው ዕቁብ ይጥላሉ። እንግዲህ ዱቤ የሚሰጠው ነጋዴም ሆነ አበዳሪው ባንክ እነዚህን ሴቶች በዋስትና ንብረታቸው ብቻ ሳይሆን ዕቁባቸውን ባለማጓደላቸው ጭምር ሊመዝናቸው ይገባል።